ጣቷ አፏ የሚገባበት ሰዓት

ኅዳር ነው። ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ውርጩ ገና አልለቀቀንም። ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ደብዳቤዎቻችሁን ሳነብ፣ ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ ስለ አንድ ነገር ጽፈውልኝ አገኘሁ፤ ስለ ልጅ ጣት መጥባት። ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሳገለግል ለዚህ ጉዳይ ብሎ ካርድ አውጥቶ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። ጥያቄው የሚመጣው ሁልጊዜ ክትባቱ ካለቀ፣ ልጁም ከታዘለ በኋላ፣ እናትየው በሩ ላይ ቆም ብላ «ደግሞ ሲስተር…» ስትል ነበር። ዛሬ ቦታውን በሙሉ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይላል።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። የምተዳደረው ቆሎ ሸጬ ነው፤ መንገደኛ ሲቆም ከመኪና መኪና ስሮጥ እውላለሁ። የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ሴቷ ከጨቅላነቷ ጀምራ የቀኝ አውራ ጣቷን ትጠባለች። ሦስት ዓመት ሲሞላት ትታዋለች ለማለት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ግን ባሰባት። መዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ‹ክፍል ውስጥ እምብዛም አላየኋትም› ትላለች። ቤት ውስጥ ግን አመሻሽ ላይ ከጎረሰችው እንቅልፍ እስኪወስዳት አታወጣውም። የጣቷ ቆዳ እንደ አራሽ እጅ ጠጥሯል። አፏን ስትገጥም የላይና የታች የፊት ጥርሶቿ አይገናኙም፤ መሐሉ ክፍት ነው። ተቆጣኋት፣ አንድ ሁለቴም መታኋት፤ አልተወችም። አፏ ሥራ ይያዝ ብዬ ቆሎ ሰጠኋት፤ ቆሎው ሲያልቅ ጣቷ ይመለሳል። አማቴ ‹ጡት ቶሎ ስላስጣልሻት ነው፤ አሁንም እሬት ቀቢያት› ይሉኛል። ጎረቤቴ መድኃኒቱ ሚጥሚጣ ነው ትላለች። አባቷ ደግሞ ‹ተያት፣ ስታድግ ትተወዋለች› ይላል። ማንን ልስማ? — የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ሲና»

ልጄ፣ አባቷን ግማሽ፣ አማትሽን ሩብ ስሚ። ጎረቤትሽን ቡና ጥሪያት እንጂ ለዚህ ጉዳይ አትስሚያት።

ከጎረቤትሽ የምጀምረው ምክሯን እኔም ስለሠራሁበት ነው። በ1979 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ እሠራ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ እንዳንቺዋ የቀኝ አውራ ጣቷን ትጠባለች። ቀን ቀን እናቶችን ሰብስቤ ስለ ንጽሕና አስተምራለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ የራሴ ልጅ ጣቷን ጎርሳ ትጠብቀኛለች። አፈርኩ። ከእፍረት በቀር ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንድ ማታ ሚጥሚጣ በዘይት ለወስኩና ጣቷን ቀብቼ አስተኛኋት። እኩለ ሌሊት ላይ በጩኸት ነቃሁ። ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ ዓይኗን አሽታበታለች። በዚያ የመንዝ ብርድ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ዓይኗ ላይ ውኃ ሳንቆረቁር ነጋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉዳት አልቀረባትም። በማግስቱ ግን ምን አደረገች መሰለሽ? ቀኙን ትታ ግራውን መጥባት ጀመረች። ባለቤቴ ጋቢውን እያጣፋ «ግራውንስ በምን ልትቀቢው ነው?» ብሎኝ ወጣ። ነርስ ነኝ እኮ፤ ለሰው የምመክር።

ሚጥሚጣም፣ በርበሬም፣ ቃሪያም አይሆኑም ማለቴ ነው። አፍ ያቃጥላሉ፤ የልጅ እጅ ደግሞ ከአፍ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ዓይን ነው። እሬትን በተመለከተ፣ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድ የሚያላላ ነገር ነው፤ አዋቂን እንኳ ያስሮጣል፣ ለአምስት ዓመት ልጅ አልሰጥም። አማትሽ እሬት ያሉት ጡት ማስጣያ አድርገው ስለሚያውቁት ነው። ጡትሽ ግን ያንቺ ነው፤ ቀብተሽ ብትሸፍኚው ልጅ የተከለከለው ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ነገር ነው። ጣቷ የራሷ ነው። የራሷን አካል በመራራ የሚቀባባትን ሰው ልጅቷ እንዴት ታየዋለች? ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ መራራ የጥፍር ቀለም መኖሩን አውቃለሁ። እሱም ቢሆን የሚረዳው መተው የፈለገና ድንገት ሲረሳ የሚያስታውሰው የሚሻ ትልቅ ልጅን ነው። ሳትፈልግ የተቀባች ልጅ ልሳ ታስለቅቀዋለች፤ ልጆች ከምናስበው በላይ መራራ ይችላሉ።

አሁን ወደ አማትሽ ወቀሳ። «ቶሎ ስላስጣልሻት ነው» የሚለውን ከልብሽ አውጪው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብተው ጣታቸውን የሚጠቡ አሉ፤ ቶሎ ጡት ትተው ጣታቸውን የማያውቁትም አሉ። እንዲያውም ጡት ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ገና ማኅፀን ውስጥ ሳሉ ጣታቸውን የሚጠቡ ጽንሶች በአልትራሳውንድ ይታያሉ። መጥባት ልጅ ይዞት የሚወለደው ነገር ነው። ይመግበዋል፣ ከዚያም ያረጋጋዋል። ሲደክመው፣ ሲሰለቸው፣ ሲከፋው፣ ባዕድ ሰው ሲከብበው የራሱን ልብ በራሱ ጣት ያባብላል። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ማንም ሳይነግራቸው ይተዉታል፤ አባቷን ግማሽ ስሚ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሌላው ግማሽ የማይሰማው ልጅሽ አራትን አልፋ፣ ጥርሷም መናገር ስለጀመረ ነው።

የጥርሱን ነገር በደንብ ላስረዳሽ። የወተት ጥርስ 20 ነው። በ6 ወር ገደማ ማብቀል ይጀምርና 3 ዓመት ሲሞላ ያልቃል። 6 ዓመት ገደማ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች እየወለቁ ዋናዎቹ ይተኳቸዋል፤ ከኋላም የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ መንጋጋዎች ይወጣሉ። የላይኞቹ የፊት ዋና ጥርሶች የሚመጡት ከ7 እስከ 8 ዓመት ነው። ጣት አፍ ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቀመጥ የላይኞቹን ወደ ፊት ይገፋል፣ የታችኞቹን ወደ ውስጥ ይጫናል፣ በመሐላቸው ደግሞ እንዳይገናኙ እንደ ሽብልቅ ይቆማል። ያየሽው ክፍተት ይህ ነው። ጉንጯ ወደ ውስጥ ሲሳብ ላንቃዋም ይጠብባል። አንዳንዶች በዚያ ክፍተት ምላሳቸው እየሾለከ «ሰ» እና «ዘ» ማለት ያስቸግራቸዋል፤ ያንቺዋን «ሰባት» በያትና ስሚያት።

ጣቱን አፉ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያስቀምጥ ልጅና እየሳበ፣ ድምፅ እያሰማ የሚጠባ ልጅ ግን አንድ አይደሉም። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው ኃይሉና የሰዓቱ ርዝመት ነው። የጣቷ ቆዳ መጠጠሩን ስትነግሪኝ ያንቺዋ ከሁለተኛዎቹ መሆኗን ነግረሽኛል። ደግነቱ፣ የፊት ዋና ጥርሶቿ ከመውጣታቸው በፊት ከተወችው ክፍተቱ ብዙ ጊዜ በራሱ እየገጠመ ይሄዳል። አንድ ዓመት ያህል ጊዜ አለሽ። አንድ ዓመት ለትዕግሥት ይበቃል፤ ለዱላ ምክንያት አይሆንም።

ስለ ዱላው አንድ ጊዜ ብቻ ልናገርና ልለፈው። የምትጠባው ለመረጋጋት ነው። ስትመቺያት ትደነግጣለች። ስትደነግጥ መረጋጋት ያስፈልጋታል። መረጋጊያዋ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር። ልጄ ጣቷን እንዴት እንደተወች አልነገርኩሽም። ያስተዋትኩት እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት። እናቴ የመንዝ ሴት ናት፤ የበግ ጸጉር ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ታጥባለች፣ ትባዝታለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ሸማኔው ባና ያደርገዋል። ለጥምቀት ልትጠይቀን መጥታ ሰነበተች። የሚጥሚጣውን ታሪክ ስትሰማ ምንም አላለችኝም፤ ዝም ብላ ልጅቷን ስታያት ከረመች። በአራተኛው ቀን «ይች ልጅ ጣቷን የምትጠባው ከብት ሲገባ ነው» አለችኝ። ቀን ስትጫወት የለም። ጠዋት የለም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ እኔ ከሥራ ደክሜ ገብቼ ምድጃ ሥር ስጎነበስ፣ እራት ገና ሲሆን፣ ያኔ ነው። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምራ በዚያች ሰዓት ልጅቷን አጠገቧ ታስቀምጥና አንድ እፍኝ ጸጉር ትሰጣታለች። ሥራዋ ጸጉሩ ውስጥ የተጣበቀውን ጭራሮና እሾህ መልቀም ነው። ለዚህ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ የረጠበ ጣት ደግሞ ጸጉር ይጣበቅበታል። ስለ ጣቷ አንዲት ቃል ስትናገራት አልሰማሁም። ሁዳዴ ሲገባ የልጄ ጣት ደርቆ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ዕድል መሰለኝ፤ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው።

አንቺም ከማናቸውም ነገር በፊት አራት ቀን ያህል ዝም ብለሽ እያት። ጣቷ አፏ ሲገባ ምን እየሆነ ነበር? ማን ነበር? ምን ሰዓት ነበር? ከደብዳቤሽ ተነሥቼ እኔ የምገምተውን ልንገርሽ። አመሻሽ ላይ ከመንገድ ትመለሻለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ያላየሽው ጨቅላ ጡቱን ይፈልጋል፤ ትቀመጪና ታቅፊዋለሽ። እሷ ፊት ለፊት ቆማ ታያችኋለች። ወንድሟ ጡት ሲጎርስ እሷ ጣቷን ትጎርሳለች። ልክ ከሆንኩ፣ አማትሽን ሩብ ስሚ ያልኩሽ እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ የጎደላት ነገር እንዳለ በትክክል አይተዋል። የጎደላት ግን ወተት ሳይሆን ጭንሽ ነው።

ስለዚህ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ እሷን ያዢ። ጨቅላው አሥር ደቂቃ ቢያለቅስ አይሞትም፤ አማትሽ ይቀፉት። (ይህን ሥራ ስትሰጫቸው ስለ እሬቱ የሚያወሩበት ጊዜም ያንሳል።) ከዚያ ወንድሟን ስታጠቢ እሷ ከጎንሽ ትቀመጥና እጇ ሥራ ይያዝ። አንቺ ቤት ደግሞ ሥራ ሞልቷል። ለነገ የምትቆዪው ገብስ ይለቀም የለ? ትንሽ ሰፌድ ላይ ሁለት እፍኝ ስጫትና ጠጠሩን ታውጣ። በሶ ካለ ደግሞ ጭብጦ ታብጅ። በሁለት መዳፏ እያሸች ስታድበለብል ጣቷ አፏ አይገባም፤ ቢገባም በሶ ነው፣ ይጥማል። የተቆላውን ግን ለጨቅላው እጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ቆሎ፣ ሽምብራና ለውዝ የሕፃን ትንፋሽ ይዘጋሉ። እሷም ብትሆን ተጋድማ ወይም እየሮጠች አትብላ፤ ቆሎን የጣት ማስረሻ ማድረጉን በዚህም ምክንያት አልወደድኩልሽም።

ቀጥሎ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ፤ አምስት ዓመት ለመነጋገር ይበቃል። ወንድሟ ተኝቶ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ መስታወት ስጫትና ጥርሶቿን ራሷ ትያቸው። «በቅርቡ የትልቅ ሰው ጥርስ ሊመጣልሽ ነው፤ መንገዱን እንልቀቅለት?» በያት። እምቢ ካለች ተዪውና ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ጠይቂያት፤ እሺ ካለች ሥራው የእሷ ይሆናል፣ አንቺ ረዳት ነሽ። «ጣትሽን አውጪ» የሚለውን ቃል ከቤትሽ አስወጪው፤ በቀን አርባ ጊዜ የተነገረ ቃል አይሰማም። በእሱ ፈንታ የሁለታችሁ ምልክት ይኑራችሁ፤ ትከሻዋን ነካ ታደርጊያታለሽ፣ ያኔ ታወጣዋለች፣ ማንም ሰው አያውቅም። ግድግዳሽ ላይ የቀን መቁጠሪያ ካለ፣ ጣቷ ሳይገባ ባለፈ ምሽት በእርሳስ አንድ መስመር ታስምር። መስመሩን እሷ ታስምር እንጂ አንቺ አይደለሽም። ያልተሳካበትን ቀን ኤክስ አታድርጉበት፤ ባዶ ይቀመጥ። አምስት መስመር ሲሞላ እሑድ እሑድ ሹሩባ ሥሪያት፣ ወይም ደስ የሚላትን ጠይቂያት። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አልመክርሽም፤ ቆሎ ሻጭ እናት ላይ ሽልማት ልጫንባት እንዴ?

መጀመሪያ ምሽቱን ብቻ ያዙ። እንቅልፍ ላይ ያለው መጥባት የመጨረሻው ነው፤ እያወቀች ስለማታደርገው ልትጠየቅበት አይገባም። ቀኑና ምሽቱ ከጠራ በኋላ ለሌሊቱ የእኛ ብርድ አንዴ ይጥቀመን። በሸዋ ደጋ ልጅ እጁን ሸፍኖ ቢተኛ የሚገርመው የለም። ንጹሕ ካልሲ ወይም የሱፍ ጓንት ራሷ አጥልቃ ትተኛ፤ የሌሊት ልብሷ ረጅም እጅጌ ካለው ጫፉን መስፋትም ይቻላል። እጇን አትሰሪው። ጣቷ ላይ ክር ወይም ጎማ አትጠምጥሚበት፤ ደም ያቆማል። ሌሊት አውልቃ ካገኘሻት ጣቷን ቀስ አድርገሽ አውጪላትና ተኚ።

ትመለስበታለች፤ ይህን ከወዲሁ እወቂው። ጉንፋን ሲይዛት፣ አባቷ መንገድ ሲሄድ፣ ወንድሟ መዳህ ጀምሮ ሁሉ ሲያጨበጭብለት ጣቷ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል ብለሽ አስቢ። እስከዚያው ጥፍሯን አሳጥሪላት፣ እጇንም በሳሙና እጠቢላት፤ አፈር የነካ ጣት የወስፋት እንቁላል ይዞ ይገባል። የጥፍሯ ሥር ቀልቶ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ደብረ ብርሃን የምትመጪበት ጉዳይ ካለ ደግሞ ይዘሻት ነይና የጥርስ ሐኪም ይያት። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻም ታሳያታለሽ። ሐኪሙ ዛሬ የሚሠራላት ነገር ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ልጆች ከእናታቸው አርባ ጊዜ ያልሰሙትን ነጭ ካፖርት ከለበሰ ሰው አንድ ጊዜ ይሰማሉ። እኔ ብዙ እናቶችን በዚህ አግዣለሁ፤ የራሴን ልጅ ብቻ አልሆነልኝም፣ ያለ ካፖርት ታውቀኛለች።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነው። የመሐል ሜዳ አያት ናቸው። «የስምንት ወር የልጅ ልጄ ጣቱን አይለቅም። ባለቤቴ ክፉ ልማድ ሆኖ እንዳይቀርበት እጁን በጨርቅ እየጠቀለለች ታስረዋለች፤ እኔ አልወደድኩትም፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ይላሉ።

አባቴ፣ እጁን ይፍቱልኝ። በስምንት ወር ልጅ ዓለምን የሚያውቃት በእጁና በአፉ ነው። ይይዛል፣ ይጎርሳል፣ ይተፋል፤ ትምህርት ቤቱ እሱ ነው። ጥርስ እያበቀለም ይሆናል፤ ድዱን ሲበላው ያገኘውን ያኝካል። በዚህ ዕድሜ ጣት መጥባት በሽታም ልማድም አይደለም፣ ለጥርሱም አያሰጋም። ለባለቤትዎ እጁን ንጹሕ ማድረግ ብቻ በቂ መሆኑን ይንገሩልኝ። አራት ዓመት አልፎት ካልተወ ያኔ ይጻፉልኝ፤ እኔም ዕድሜ ከሰጠኝ እመልሳለሁ።

ሦስተኛው ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንድ የሁለተኛ ክፍል መምህር ነው። ተማሪያቸው ስምንት ዓመቱ ነው፣ ክፍል ውስጥ ጣቱን ይጠባል፣ ልጆቹ «ግልገሉ» እያሉ ይጠሩታል። «አንድ ቀን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ፊት አውጥቼ ገሠጽኩት፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ስጠይቅ እጁን አያወጣም። ተሳስቻለሁ መሰለኝ» ይላሉ።

መምህር፣ ተሳስተዋል፤ ሚጥሚጣ ከቀባች ነርስ ግን አይብሱም። መጀመሪያ ስሙን ይመልሱለት። ልጆቹን ሰብስበው ስብከት አይስጧቸው፤ ነገሩን ያገንኑታል። እርስዎ ራስዎ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሙ ይጥሩት፣ ሥራ ይስጡት፤ ደብተር ይሰብስብ፣ ጠመኔ ያምጣ። ከዚያ ለብቻው ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁት። አዎ፣ መምህር ተማሪን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልጁ ቤቱ ድረስ ተሸክሞት ይሄዳል።

የስምንት ዓመቱ ጉዳይ ከደብረ ሲናዋ ልጅ ይለያል። የፊት ዋና ጥርሶቹ ወጥተዋል፤ አሁን የሚጣመመው እስከ ሽምግልናው የሚኖርበት ጥርስ ነው። ስለዚህ ወላጆቹን ያነጋግሩና ጥርስ ሐኪም ይዩ። በዚህ ዕድሜ ልጁ ራሱ መተው ከፈለገና ጣቱ እምቢ ካለው፣ ሐኪሙ ላንቃው ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የብረት መሣሪያ በጥርሶቹ ላይ ሊያስርለት ይችላል። መሣሪያው ጣቱ ላንቃውን እንዳያገኝ ስለሚከላከል መጥባቱ ጣዕም ያጣል። እንደ ቅጣት ግን አይታሰርም። ልጁ በተጨማሪ ጸጉሩን የሚነቅል፣ ከልጆች የሚሸሽ፣ ሌሊት የሚቃዥ ከሆነ ከጣቱ ይልቅ ቤቱን ይጠይቁ፤ ሰው ሞቶባቸው፣ ወይም ቀያቸውን ለቀው መጥተው ይሆናል።

ለደብረ ሲናዋ እናት የመከርኩት የሱፍ ጓንት ለእናንተ ቆላ አይሆንም፤ ልጁን በላብ እንገድለዋለን። ጣቱ ላይ ተራ የቁስል ፕላስተር ይለጥፍ፤ አፉ ሲነካው ያስታውሰዋል፣ ለጠየቀው ሰውም «ተቆርጬ ነው» ይላል። ይህችን ውሸት እኔ ፈቅጃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ይዩልኝ። በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው? በቀኝ እየጻፈ የግራውን የሚጠባ ከሆነ፣ ግራ እጁ ሥራ ፈትቶ ነው ማለት ነው። ደብተሩን በግራ እጁ እንዲይዝ፣ ሲያነብም መስመሩን በግራ ጣቱ እንዲከተል ያስለምዱት። የሚጽፍበትን ከሆነ የሚጠባው ደግሞ እርሳሱን የሚያስቀምጠው መቼ መቼ እንደሆነ አንድ ሳምንት ይመዝግቡና ይላኩልኝ፤ ምናልባት ሒሳብ ላይ ይሆናል።